ውሃው አለፈ፣ ሕመሙ ግን አላለፈም

ዓይኗ እንባ እያፈሰሰ ያስቸገራት ሴት ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ የሚጠብቃት ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ የእንባ ቱቦዋ ተዘግቷል ወይስ ክፍት ነው? በታችኛው የዓይን ቆብ ውስጠኛ ጥግ ባለችው ደቃቅ ቀዳዳ ጫፉ የደነዘ ቀጭን መርፌ ይገባል፤ የጨው ውሃ ይገፋል፤ ጉሮሮዋን ጨው ጨው ካላት ቱቦው ክፍት ነው ተብሎ ካርዷ ላይ ይጻፋል። ከዚያ ወዲያ ያለው አጭር ነው። ወይ «ምንም የለብሽም» ተብላ ትሸኛለች፣ ወይ ደግሞ «ለማንኛውም» ተብሎ ክፍት የሆነውን ቱቦ እንደገና ለመክፈት ለቀዶ ሕክምና ትመዘገባለች።

ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ ምንጫቸውም አንድ ነው። እንባ ከፈሰሰ መውረጃው ታሟል የሚለው እምነት በሐኪሙም በታካሚዋም ልብ ሥር ሰድዷል። ቱቦው በእርግጥ የተዘጋበት ሰው ስላለ፣ ቀዶ ሕክምናውም ያንን ሰው ስለሚፈውሰው፣ እምነቱ በየጊዜው ምስክር ያገኛል። ቱቦዋ ክፍት የሆነችውን ሴት ግን ያለ መልስ ያስቀራታል። ውሃው ጉሮሮ ሲደርስ ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ተሰረዘ እንጂ ሌሎቹ ገና አልተነኩም። ክርክሬ ይኸው ነው፤ ማስረጃዬን የማቀርበው ደግሞ ከጀሪፍ ነው።

ጀሪፍን የሚያውቃት ያውቃታል። ጥቁር ዓባይ ነጭ ዓባይን ካርቱም ላይ ከማግኘቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ሰፈሯን ለሁለት ይከፍላታል፤ በምሥራቁ ዳር ጀሪፍ ሸርቅ፣ በምዕራቡ ጀሪፍ ጋርብ። ወንዙ በክረምት ከኢትዮጵያ ደጋ ጠርጎ ያወረደው ደለል በዳርቻዋ ተቦክቶ፣ በጡብ ቅርጽ ደርቆ፣ በምድጃ እየተቃጠለ ለከተማው ቤት መሥሪያ ይሆን ነበር። ከዚያ የጡብ ጭስ አጠገብ ባሉት መንደሮች ነው የእኛ ኢትዮጵያውያን ለዓመታት የኖሩት፤ ሰው ቤት የሚሠሩ፣ ምግብ ቤት የከፈቱ፣ በየመንገዱ ጥግ ዝቅተኛ በርጩማ ደርድረው ሻይና ቡና የሚሸጡ። የቡና ሻጯን ቦታ በዓይነ ሕሊና ማየት ይበቃል። ጉልበቷ ሥር የከሰል ምድጃ፣ አጠገቧ የዕጣን ጭስ፣ ፊት ለፊቷ የመንገድ አቧራ። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ አየሩ ከበረሃ የሚመጣ ደረቅ አየር ነው፤ አንዳንድ ቀን ሐቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ተነሥቶ ሰማዩን ቡናማ ያደርገዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ዓይን ቢያነባ ቱቦን መጀመሪያ መጠርጠር ለምን እንደሚቀለን ይገርመኛል። ጎርፍ ግቢውን ሲሞላው መውረጃውን ብቻ የሚመረምር ሰው ዝናቡን ረስቷል።

ዝናቡ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ዓይን ሁለት ዓይነት እንባ አለው ማለት ይቻላል። አንደኛው ሳናውቀው የሚመነጨው፣ በደቂቃ ከአንድ ማይክሮሊትር ጥቂት የሚበልጠው ነው። በአንድ ዓይን ላይ በአንድ ጊዜ ያለው እንባ በሙሉ 7 ማይክሮሊትር ገደማ ሲሆን፣ ከጠብታ ጠርሙስ የምትወርድ አንዲት ጠብታ ግን ከ30 እስከ 50 ማይክሮሊትር ትይዛለች። ዓይን የሚረካው በዚህን ያህል ጥቂት ነው፤ ጥራቱ ግን ከፍተኛ መሆን አለበት። ከሥር የሚያጣብቅ ንፍጥ መሰል ሽፋን፣ መሐል ውሃ፣ ከላይ ውሃው እንዳይተንን የሚከላከል ስስ ዘይት። ዘይቱን የሚያወጡት በዓይን ቆብ ውስጥ ተደርድረው አፋቸውን ከሽፋሽፍቱ ኋላ የከፈቱ ትንንሽ ዕጢዎች ናቸው።

ሁለተኛው እንባ ዓይን ሲቆጣ የሚመጣው ነው። ከዓይን ጥቁሩ ፊት ያለው ግልጽ መስኮት፣ ኮርኒያ የሚባለው፣ በነርቭ ብዛት ከሰውነታችን ሁሉ የሚቀድም ነው። አቧራ ሲነካው፣ ሲደርቅ፣ ፀጉር ሲፍቀው አምስተኛው የራስ ነርቭ ወሬውን ወደ አንጎል ይወስዳል፤ በሰባተኛው ነርቭ መንገድ ትእዛዝ ይመለሳል፤ ከላይኛው ቆብ ውጫዊ ጥግ በላይ ያለው ትልቁ ዕጢ እንባውን በብዙ እጥፍ ይለቀዋል። ጤነኛው ቱቦ የተሠራው ለዚያች ለአንዲት ማይክሮሊትር ነውና ይህን ሁሉ ሊያወርድ አይችልም። እንባው በጉንጭ ይፈስሳል፤ ቱቦው ግን ምንም አልሆነም።

ሰዎች ለመቀበል የሚቸገሩበት ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ደረቅ ዓይን ያለቅሳል። ዘይቱ ሲጎድል የዓይን ውሃ ቶሎ ይተንናል፤ ኮርኒያው ይራቆታል፤ ያ ዓይን ሲቆጣ የሚመጣው እንባ ይጎርፋል። የጎረፈው እንባ ግን አብዛኛው ውሃ ብቻ ስለሆነ ዓይኑ ላይ ሳይቆይ ይወርዳል፤ ዓይኑ እንደገና ይደርቃል፤ እንደገና ይጎርፋል። ለዚህች ሴት «ዓይንሽ ደርቋል፣ የሚያረጥብ ጠብታ ጨምሪ» ቢሏት እያፌዙባት ይመስላታል። ጉንጯ ሁሌም እርጥብ ነውና አልፈርድባትም። ሐኪሙ ግን ማስረዳት ግዴታው ነው፤ ካላስረዳ ጠብታውን በሳምንቷ ትጥለዋለች። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ስምምነት የዓይን ድርቀትን የተረጎመው የእንባ ሽፋን ሚዛኑን የሚያጣበት የዓይን ገጽ ሕመም አድርጎ ነው፤ የእንባ ማነስ ከምክንያቶቹ አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም።

ወደ መርፌው ልመለስ። የመርፌው ምርመራ የሚያሳየው ሰው በጣቱ ኃይል የገፋው ውሃ እንደሚያልፍ ነው። እንባን ግን በመርፌ የሚገፋው ማንም የለም። የሚያወርደው የዓይን መርገብገብ ነው። ዓይናችንን ባርገበገብን ቁጥር ቆቡን የሚከብበው ጡንቻ ቀጫጭኖቹን ቦዮችና የእንባውን ከረጢት ይጨምቃል፣ ይለቃል፤ ያ ጭመቃ ነው እንባውን የሚስበው። ጡንቻው ከደከመ፣ ቆቡ ከላላ፣ የታችኛዋ ቀዳዳ ከዓይኑ ርቃ ወደ ውጭ ከዞረች ቱቦው የቱንም ያህል ክፍት ቢሆን እንባ አይወርድበትም። ፊቱ በአንድ ወገን የጠመመበት ሰው ለዚህ ግልጽ ምስክር ነው፤ ሰባተኛው ነርቭ ስለተጎዳ ዓይኑ አይከደንም፣ አይጨምቅም፣ ሲደርቅም ያለቅሳል። ለእንዲህ ያለው ሰው «ቱቦህ ክፍት ነው» ማለት እውነት ነው፤ ጥቅም ግን የለውም።

አሜሪካዊው ሐኪም ሌስተር ጆንስ ይህን ልዩነት ለመለየት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያስፋፋው ዘዴ ቀለም ዓይን ውስጥ ጨምሮ በራሱ ጊዜ አፍንጫ ይደርስ እንደሆነ ማየት ነበር። ዛሬ ከዚያም የቀለለ አለ። ብርቱካናማ ቀለም የተነከረች የወረቀት ቅንጣቢ የታችኛውን ቆብ ውስጥ ትነካለች፤ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል፤ በሰማያዊ መብራት ሲታይ ቀለሙ ጠፍቶ ከሆነ መውረጃው በተፈጥሮው መንገድ ይሠራል፤ እንደ ሐይቅ ተኝቶ ከቆየ አንድ ነገር አለ። በዚያችው ቀለም ሌላም ነገር ይታያል። ታካሚዋ ሳታርገበግብ ዓይኗን ከፍታ ስትቆይ በመብራቱ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ሽፋን ከአሥር ሰከንድ በፊት ከተሰነጣጠቀ እንባዋ ጥራት የለውም። ኮርኒያው ላይ ነጠብጣብ ከታየ ደርቋል ወይም የሚፍቀው ነገር አለ። አንዲት ወረቀት ስለ መውረጃው፣ ስለ እንባው ጥራትና ስለ ኮርኒያው በአንድ ላይ ትናገራለች። ጀርመናዊው ኦቶ ሺርመር እ.ኤ.አ. በ1903 ያወጣው፣ ማጣሪያ ወረቀት ቆቡ ላይ አንጠልጥሎ በአምስት ደቂቃ ስንት ሚሊሜትር እንደራሰ የሚለካው ዘዴም አለ። መርፌው ከሁሉም በኋላ ይምጣ። ማደንዘዣ ከተጨመረና ዓይኑ ከተነካካ በኋላ የሚወሰድ የእንባ ልኬት ዋጋ የለውም፤ መርፌውን ማስቀደም ሌላውን ማስረጃ ማበላሸት ነው።

ከቀለሙ በፊት ግን ጣት አለ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለ ወገኖቻችን ስለምናገር ነው። የላይኛውን የዓይን ቆብ መገልበጥ ገንዘብ አይጠይቅም፣ መብራትም አይፈልግም፣ የሚፈጀውም ሰከንዶች ነው። ከጎንደር፣ ከጎጃም ወይም ከወሎ ገጠር በመተማ በኩል ሱዳን የገባችን ሴት ዓይን ቆብ ሳይገለብጥ «ቱቦሽ ክፍት ነው፣ ሂጂ» ያለ ባለሙያ ዋናውን ነገር አላየም። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ከፍተኛውን የትራኮማ (የዓይን ማዝ) ሸክም የተሸከመች አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉት ሕፃናት 40 በመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው፤ በአማራ ክልል ከ60 በመቶ በላይ። ከ15 ዓመት በላይ ካሉት ደግሞ ከመቶ ሦስቱ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ዞሮ ነበር። በዚያ ዘመን ሕፃን የነበሩት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። የዓይን ማዙ በሕፃንነት አልፏል፤ ጠባሳው ግን ከቆቡ ሥር ይቀራል፤ እያደረ ይሸበሸባል፤ ከዓመታት በኋላ ሽፋሽፍቱን ወደ ዓይኑ ይስበዋል። ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። አንዲት የተቀለበሰች ፀጉር ነቅተን በምንውልበት ሰዓት ኮርኒያውን ከ14,000 ጊዜ በላይ ትፍቀዋለች። ያ ዓይን ምን ያድርግ? ያለቅሳል።

እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ካርቱም ያሉ ሐኪሞች ብቻ አይደሉም። ሴቶቻችን ወረንጦ አላቸው። ሽፋሽፍት ሲወጋቸው ይነቅሉታል፤ ሐኪም ዘንድ የሚሄዱት ነቅለው ከሆነ ዓይኑ ንጹሕ ይመስላል፤ ተመልሶ የሚበቅለው አጭርና ደረቅ ፀጉር ከበፊቱ የባሰ ይወጋል። «ትነቅያለሽ ወይ?» ብሎ ያልጠየቀ አያገኘውም። ትራኮማን የሚመረምሩ ባለሙያዎች ሁለት ተኩል ጊዜ የሚያጎላ መነጽር የሚያደርጉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአንዳንዷ ፀጉር ቅጥነት ከዓይን ያመልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሴቶች በዚህ በሽታ ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ ይታወራሉ፤ ልጅ የሚያቅፉት፣ የልጅ ዓይናር የሚጠርጉት እነሱ ናቸውና። ቱቦዋ ክፍት ነው ተብላ የተሸኘችው ሴት ከእነዚህ አንዷ ከሆነች የሸኛት ሰው ወደ ዓይነ ስውርነት ነው የሸኛት። ቃሉ ከብዶ ከሆነ ነገሩም ከባድ ስለሆነ ነው።

ሽፋሽፍቱ ደኅና ቢሆንስ? የቆቡን ጠርዝ እንይ። በከሰልና በአቧራ ላይ የሚውል ሰው የቆቡ ጠርዝ ይቀላል፣ ሽፋሽፍቱ ሥር ፎረፎር የመሰለ ቅርፊት ይይዛል፣ የዘይት ዕጢዎቹ አፍ እንደ ቀለጠ ቅቤ ሳይሆን እንደ ደረቀ ሰም ይደፈናል። ይህ በጣም ብዙ ጊዜ የሚገኝ ምክንያት ነው፤ ሕክምናውም ቤት ውስጥ ያለ ነው። በሞቀ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ በተከደነ ዓይን ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ቆቡ በጣት ወደ ሽፋሽፍቱ አቅጣጫ በዝግታ ይታሻል፤ ጠርዙ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይጠረጋል። ጠዋትና ማታ፣ ለሳምንታት። ጥቅሙ የሚገኘው ሳያቋርጡ ሲያደርጉት ነው፤ ሐኪሙ ይህን በማስረዳት የሚያጠፋው አምስት ደቂቃ ከሚጽፈው ጠብታ ይበልጣል። ለከበደው ሰው ዶክሲሳይክሊን ይጨመራል፤ ለነፍሰ ጡርና ለትንሽ ልጅ ግን አይሰጥም።

አለርጂም አለ፤ የሚያሳክክ፣ ክር የሚመስል ዓይናር የሚያወጣ፣ በተለይ በሞቃት አገር ወንዶች ልጆች ላይ የሚብስ። ማሸት ያባብሰዋል፤ ለዓመታት የታሸ ኮርኒያ ቅርጹን ሊያጣ ይችላል። በዕድሜ የላላ ቆብም አለ፤ የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ስበው ሲለቁት ወዲያው ወደ ቦታው ካልተመለሰ ላልቷል፤ ከውጫዊው ጥግ ላይ በሚደረግ ትንሽ ቀዶ ሕክምና ይጠነክራል። የቀዳዳዋ ጥበትም አለ፣ የእንቅርት ዕጢ ሕመም ዓይንን ገፍቶ የሚያመጣው እንባም አለ። ሁሉንም ማብራራት አያስፈልገኝም፤ ሁሉም በመርፌው ዘንድ መልሳቸው አንድ ነው፣ «ክፍት»።

አንዱን ግን ላልፈው አልችልም። ብዙ ሕፃናት የእንባ ቱቧቸው ታች ላይ በስስ ሽፋን ተዘግቶ ይወለዳሉ፤ አብዛኞቹ በመጀመሪያው ዓመት በራሳቸው ይከፈታሉ። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ «ሕፃን ነው፣ ይከፈትለታል» ይባላል። እንባ የሚያፈስ ሕፃን ግን ብርሃን ሲያይ ፊቱን የሚያዞር፣ ዓይኑ ከሌላው ሕፃን የገዘፈ ወይም ኮርኒያው የደመነ ከሆነ ያ ቱቦ አይደለም፣ አብሮት የተወለደ ግላኮማ ሊሆን ይችላል። የዓይኑ ግፊት ነርቩን እየገደለ ነው፤ ሳምንት እንኳ ዋጋ አለው። «ዓይኑ እንዴት ያምራል፣ እንዴት ትልቅ ነው» ብሎ ጎረቤት ያደነቀው ሕፃን ዕውር ሆኖ ሊያድግ ይችላል። ቱቦን ብቻ ማሰብ በአዋቂ ላይ ያንገላታል፤ በሕፃን ላይ ግን ብርሃን ይነሣል።

የሚነሡብኝን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ። የመጀመሪያው፦ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ጊዜ የለም። ለመርፌው ግን ጊዜ ተገኝቷል። ማደንዘዣ ጠብታ፣ የቀዳዳዋ መስፋት፣ የመርፌው መግባት፣ ይህ ሁሉ ደቂቃ ይበላል። ቆብ መገልበጥ፣ ቆብ መሳብ፣ የቀለም ወረቀት መንካትና ሌላ ታካሚ እያዩ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ከዚያ አይበልጥም። ደግሞም ታሪኩን መጠየቅ ግማሽ ሥራ ነው። ሁለቱም ዓይን ያለቅሳል ወይስ አንዱ ብቻ? ነፋስና ጭስ ላይ ይብሳል ወይስ ቤት ውስጥ ተቀምጣም ያው ነው? ይቆረቁራል፣ ያቃጥላል? የሚፈሰው ከአፍንጫ ወገን ነው ወይስ ከውጫዊው ጥግ? የአንድ ዓይን ብቻ፣ ሁልጊዜ የሚፈስ፣ ሕመም የሌለው እንባ ወደ መውረጃው ያመለክታል፤ የሁለቱም፣ የሚቆረቁር፣ በነፋስ የሚብስ እንባ ወደ ዓይኑ ገጽ። አማርኛ ብቻ የምትናገር ሴት ዓረብኛውን በስምንት ዓመት ልጇ አስተርጓሚነት ስትናገር ግን ይህ ሁሉ ተቆርጦ «ዓይኗ ውሃ ያፈሳል» የሚለው ብቻ ሐኪሙ ዘንድ ይደርሳል። ካርቱም ከጦርነቱ በፊት የዓይን ሐኪም አጥታ አታውቅም፤ እንደ መካ የዓይን ሆስፒታል ያሉ ስማቸው ከሱዳን ውጭ የሚታወቅ ተቋማት ነበሯት። ችግሩ የሐኪም ዕውቀት ማነስ ነው አልልም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲጠየቅ የሚያደርግ ልማድ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ክብደት አለው። ቱቦው ክፍት ሆኖ ሳለ በቀዶ ሕክምናው የዳኑ አሉ ይባላል። እውነት ነው፣ አሉ። ጣሊያናዊው አዴዎ ቶቲ እ.ኤ.አ. በ1904 ያስተዋወቀው፣ ከእንባ ከረጢቱ ወደ አፍንጫ አጥንት ቆርጦ አዲስ መንገድ የሚከፍተው ሕክምና ቀለሙ በማይወርድላቸው፣ ሌላ ምክንያት ተፈልጎ ባልተገኘባቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ ይረዳል። ውጤቱ ግን ቱቧቸው በእርግጥ በተዘጋባቸው ሰዎች ላይ ከሚገኘው ያንሳል። እኔ የምቃወመው ሌላው ሳይፈለግ ወደዚህ መዝለሉን ነው። የደረቀ ዓይን ላለው ሰው መውረጃውን ማስፋት ያለችውን ጥቂት እንባ ማሸሽ ነው፤ ጉንጩ ሊደርቅለት ይችል ይሆናል፣ ኮርኒያው ግን የባሰ ይራቆታል። ሽፋሽፍት ለሚፍቀው ዓይንም የአፍንጫ አጥንት መቁረጥ ምንም አይፈይድም። ያቺ ሴት የምትፈልገው ቆቡን የሚያቃናውን አጭር ቀዶ ሕክምና ነው፤ እሱን ደግሞ በኢትዮጵያ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ሳይቀር የሠለጠኑ ባለሙያዎች ይሠሩታል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሐኪም ሳይሆን ከጎረቤት ይመጣል፦ «ጭስ ነው፤ ሥራሽን ተዪ።» ይህ እንደ ምክር ይመስላል፤ ለድሃ ሰው ግን ምክር አይደለም። ልጆቿን በጀበና የምታሳድግ ሴት ጀበናውን አትተውም። የምድጃውን ቦታ ግን መለወጥ ትችላለች፤ ነፋሱ ከጀርባዋ እንዲመጣ አድርጋ መቀመጥ፣ ከሰሉን ከራቅ ብሎ አቀጣጥሎ ጭሱ ካለቀ በኋላ ማቅረብ፣ ዕጣኑን ከፊቷ ማራቅ፣ ሐቡብ ሲነሣ ዓይንን የሚሸፍን ተራ መነጽር ማድረግ፣ የአየር ማቀዝቀዣው ነፋስ ፊቷ ላይ እየመታ አለመተኛት። ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ግን የሚሠሩ ናቸው። ይልቅ የዚህ አባባል ክፋቱ ሌላ ነው፤ ጭሱ ሁሉንም ይሸፍናል። ጭስ ውስጥ የምትውል ሴትም የተቀለበሰ ሽፋሽፍት ሊኖራት ይችላል፣ የዓይን ግፊት ሊኖራት ይችላል። «ጭስ ነው» ማለት «ክፍት ነው» እንደማለት ሁሉ ምርመራን ያስቀራል።

ሰሚ ያጣ ሕመምተኛ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ፋርማሲ ይሄዳል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስቆጣኝ ይህ ነው። ያለ ማዘዣ የሚሸጡት፣ አንቲባዮቲክና ስቴሮይድ የተቀላቀለባቸው ጠብታዎች በሁለት ቀን ቅላቱን ያጠፋሉ፣ ማሳከኩን ያስታግሣሉ፤ ሴትዮዋ መድኃኒቷን ያገኘች ይመስላታል፤ ለጎረቤቷም ትመክራለች። ጠብታው ለወራት ሲቀጥል በአንዳንድ ሰው ላይ የዓይን ግፊት ያለ ሕመም ይጨምራል፣ ሞራ ያመጣል። ግፊቱ የሰረቀው ዕይታ አይመለስም። «ምንም የለብሽም» ያለው ክሊኒክ ለዚህ ተጠያቂ አይመስለውም፤ ለእኔ ግን ግማሹ ዕዳ የእሱ ነው። ምክንያቷን የተነገራትና የሚያረጥብ ጠብታ በትክክል የታዘዘላት ሴት ያንን ጠርሙስ ፍለጋ አትወጣም። በቀን ከአራት ጊዜ በላይ ለሚጨመር ጠብታ ደግሞ መከላከያ ኬሚካል የሌለበት ቢሆን ይመረጣል፤ ኬሚካሉ ራሱ ዓይን ያስቆጣልና።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ካርቱም ላይ ሲፈነዳ ሆስፒታሎች ተዘጉ፣ ሰፈሮች ባዶ ሆኑ። ከጀሪፍ ብዙዎች በገዳሪፍ አድርገው በመተማ ተሻገሩ፤ ከእነሱ ጋር ዓይናቸውም መጣ፣ የካርቱም ካርዳቸውም መጣ። መተማ ያለ ጤና ባለሙያ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ክፍል ያለ ተማሪ፣ አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ያለ ሐኪም ያንን ካርድ ሲያነብ «ቱቦው ክፍት ነው» የሚል ያገኛል። ልማዱ እንደተጨረሰ ጉዳይ እንዲያየው ያደርገዋል። እኔ የምጠይቀው ካርዱ ላይ ከዚያ ቃል ሥር አራት ነገር እንዲጻፍ ነው፦ ቆቡ ተገልብጦ ምን እንደታየ፣ ሽፋሽፍቱ በማጉያ ታይቶ እንደሆነ፣ ቆቡ ተስቦ ሲለቀቅ እንዴት እንደተመለሰ፣ ቀለሙ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የት እንደደረሰ። አራቱ ካልተጻፉ ያቺ ሴት ገና አልተመረመረችም፤ ከመተማ ይሁን ከጀሪፍ ትምጣ፣ ወንበሩ ላይ እንደገና ትቀመጥ።